ለድመት ግልገል ዓይናር የሚሸጥ የማጽጃ ስብስብ፦ ከሦስት ሳምንት አጠቃቀም በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የዘጠኝ ሳምንት ዕድሜ ያላትን ግራጫ የድመት ግልገል ተረክቤ ወደ ቤት ባመጣኋት ዕለት ዓይኖቿ ንጹሕ ነበሩ። በስድስተኛው ቀን የቀኝ ዓይኗ እንባ መሰል ቀጭን ፈሳሽ ያወርድ ጀመር፤ በሰባተኛው ቀን ማስነጠስ ተከተለ፤ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ቢጫና አረንጓዴ በተቀላቀለ ዓይናር ተጣብቀው፣ ድምፅ ወደሰማችበት አቅጣጫ ፊቷን ብታዞርም ማየት ሳትችል አገኘኋት። ለግልገሎች ዓይን እንክብካቤ ተብሎ በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን ስብስብ የገዛሁት በዚያው ዕለት ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው ስብስቦች በተለያየ ስም ስለሚሸጡ፣ አስተያየቴም በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በውስጡ ባሉት ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው።

ካርቶኑ ሲከፈት አምስት ነገሮች ይገኛሉ፦ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊ ሊትር የሚይዙ 20 የኖርማል ሳላይን ብልቃጦች፣ አንድ ጥቅል እርጥብ መጥረጊያ፣ በጥንድ በጥንድ የታሸገ ጎዝ፣ ከምግብ ጋር የሚደባለቅ የላይሲን (የአሚኖ አሲድ ዓይነት) ዱቄትና አንድ የመመሪያ ወረቀት። ፍርዴን ገና ከመጀመሪያው ለመናገር ያህል፣ ይህ ስብስብ ዓይናርን ለማጽዳት ጥሩ ነው፤ ዓይናር የሚያመጣውን በሽታ ግን አያክምም። መመሪያው እነዚህን ሁለት ሥራዎች አንድ አድርጎ ማቅረቡ ያገኘሁበት ትልቁ ጉድለት ነው፤ ጉዳቱም በገንዘብ የሚለካ ሳይሆን በግልገሏ ዓይን ላይ ሊደርስ የሚችል ነው።

የዚህን ጉድለት ክብደት ለመረዳት ዓይናሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ ቤት በገቡ ግልገሎች ላይ ከሚታየው ዓይናር በስተጀርባ በአብዛኛው የሚገኘው የድመት ሄርፐስ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ አንዴ ከገባ በኋላ በብዙ ድመቶች ፊት ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ድመቷ ስትጨነቅም እንደገና ይነሣል። ከእናት መለየት፣ የመኪና ጉዞ፣ የማታውቀው ቤትና የማታውቀው ሽታ ለአንዲት ግልገል ከባድ ጭንቀት ናቸው። ከጭንቀቱ እስከ ቫይረሱ መውጣት ድረስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። እኔ ግልገሏን የሰጡኝ ሰዎች ሕመሟን ደብቀውኛል ብዬ ክፉኛ አዝኜባቸው ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሙ የቀኑን አቆጣጠር ሲያስረዳኝ ግን ግልገሏ ከእነርሱ ዘንድ ንጹሕ ዓይን ይዛ መውጣቷ እውነት ሊሆን እንደሚችል ገባኝ። በዚያ ላይ ከእናት ወተት የተገኘው የበሽታ መከላከያ በዚሁ ዕድሜ ገደማ እየቀነሰ የሚሄድበትና ክትባቱም ገና ተሟልቶ ያላለቀበት ጊዜ ስለሆነ፣ ግልገሏ ጥበቃዋ በሳሳበት ሰዓት ነው ቤት የቀየረችው።

ሄርፐስ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ካሊሲ ቫይረስ ዓይንን ከማስለቀሱ ሌላ በምላስና በአፍ ውስጥ ቁስል ያወጣል። የድመት ክላሚዲያ፣ ማለትም በሰው ላይ ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን ጀምሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የዓይን ቆቡን የውስጥ ሽፋንም አሳብጦ እንደ ሥጋ ያቀላዋል። ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ በዓይን ውስጥ የገባ የሣር ቅንጣት፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ቆብ፣ በጨዋታ የተቧጨረ ኮርኒያ (የዓይን ፊት ጥርት ያለ ሽፋን) ወይም እንደ ፐርሺያን ባሉ ፊተ ጠፍጣፋ ድመቶች ላይ የሚታየው የእንባ መውረጃ ጥበት ተመሳሳይ እርጥበት በጉንጭ ላይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ካርቶኑ ግን ለእነዚህ ሁሉ አንድ መልስ ነው ያለው።

ወደ ብልቃጦቹ ልምጣ፤ ለዚህ ስብስብ የምሰጠው ምስጋና ከሞላ ጎደል ለእነርሱ ነው። ፈሳሹ 0.9 በመቶ ጨው ያለበት የጸዳ ውኃ ሲሆን፣ ከእንባ ጋር ስለሚቀራረብ ዓይንን አያቃጥልም። እያንዳንዱ ብልቃጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑ በትልቅ ጠርሙስ ከሚሸጠው የሚበልጥበት ነጥብ ነው፤ ትልቁ ጠርሙስ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ለቀናት ሲቆይ ባክቴሪያ ስለሚገባበት፣ የታመመን ዓይን ሊያጸዳ የመጣው ውኃ ራሱ የኢንፌክሽን ምንጭ ሊሆን ይችላል። የብልቃጡ ጫፍ ክብና ለስላሳ ነው፤ ሲሰበር ስለታም ጠርዝ አይተውም። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ከእጅ ለማምለጥ የምትታገል ግልገል ፊት ላይ ሲሆን ትልቅ ዋጋ አለው። ጫናውም የተመጠነ ነው፤ ቀስ ተብሎ ሲጨመቅ በጠብታ፣ ጠንከር ሲል ደግሞ በቀጭን ጅረት ይወጣል።

ስለ አጠቃቀሙ መመሪያው ከሚለው በላይ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። የደረቀውን ቅርፊት ወዲያው ማላቀቅ ስሕተት ነው፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ስስ ስለሆነ ይላጣል፣ ግልገሏም ሕመሙን ከሰው እጅ ጋር አያይዛ ትይዘዋለች። ብልቃጡን ሳልከፍተው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አኖረዋለሁ፤ ግልገሏን በፎጣ ጠቅልዬ ጀርባዋን ወደ ደረቴ አድርጌ አስቀምጣታለሁ፤ በሳላይኑ የራሰውን ጎዝ በተጣበቀው ዓይን ላይ ሳልጫን ለአንድና ለሁለት ደቂቃ እይዘዋለሁ። ቅርፊቱ ከለሰለሰ በኋላ በአፍንጫ በኩል ካለው የዓይን ጥግ ወደ ውጭኛው ጥግ አንድ ጊዜ ጠርጌ ጎዙን እጥለዋለሁ። ለሌላው ዓይን ሌላ ጎዝ ይወሰዳል፤ ኢንፌክሽን በአንድ ዓይን ብቻ በሆነበት ጊዜ ይህን አለመጠበቅ ወደ ጤነኛው ዓይን በገዛ እጅ መውሰድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በአምስተኛው ቀን ከአራት ደቂቃ አላለፈም። ዓይኗ ሲከፈት ፊቴን አይታ ድምፅ ያሰማችበትን ያን የመጀመሪያ ጠዋት አልረሳውም።

የብልቃጦቹ እንከን ቁጥራቸው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚጸዳ ጥንድ ዓይን ሃያው ብልቃጥ ከሰባት ቀን አይዘልቅም፤ በሽታው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት በላይ ይቆያል። ሲያልቅብኝ ተመሳሳዩን የአንድ ጊዜ ሳላይን ከመድኃኒት መደብር ለብቻው ገዛሁ፤ በጥራት ምንም ልዩነት አላየሁበትም። በዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) የሚቀመጥበት ፈሳሽ ግን ሳላይን አይደለም፤ ብዙዎቹ ጀርም የሚገድል ኬሚካል ስላለባቸው ወደ ግልገል ዓይን መግባት የለባቸውም።

ጎዙ ጥሩ ነው፤ ክሩ አይመዘዝም፣ ጠርዙም ወደ ውስጥ ታጥፏል። ተራ ጥጥ ቃጫው እየተነቀለ በዓይን ውስጥ ስለሚቀርና ኮርኒያን ስለሚቆረቁር በጎዝ መተካቱ አምራቹ የሚመሰገንበት ምርጫ ነው። እርጥብ መጥረጊያዎቹን ግን አልወደድኳቸውም። ሽቶ አላቸው፤ ግልገሏ ወደ ፊቷ ሳስጠጋው ታስነጥስና ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ለጉንጯና ለአፍንጫዋ ዙሪያ ሁለት ቀን ከተጠቀምኩ በኋላ ተውኳቸው።

አሁን ወደ መመሪያው ወረቀት እመለሳለሁ። ወረቀቱ ስብስቡን በየቀኑ መጠቀም ዓይናሩን በጥቂት ቀናት እንደሚያድን ይናገራል፤ ግልገል መቼ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ እንዳለባት ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም። እኔም በዚህ ተማምኜ አንድ ቀን ተኩል አባከንኩ። ወረቀቱ ላይ ሊጻፍ ይገባው የነበረው ይህ ነው፦ ፈሳሹ ጥርት ያለና ትንሽ ከሆነ፣ ግልገሏም ዓይኗን በደንብ ከፍታ የምትበላና የምትጫወት ከሆነ እያጸዱ አንድ ቀን መጠበቅ ይቻላል። ፈሳሹ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ መታየት አለባት። ግልገሏ ዓይኗን አጥብቃ ከጨፈነች፣ በመዳፏ ደጋግማ ከፈተገችው፣ ብርሃን ከሸሸች፣ ወይም የዓይኗ ፊት ደመና እንደለበሰ ሰማያዊ ወይም ነጭ ከሆነ ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ እነዚህ የኮርኒያ ቁስለት ምልክቶች ናቸው፤ ቁስለቱም ከጠለቀ ዓይኑን እስከማጣት ያደርሳል። ምግብ መተውም እንዲሁ ነው። ድመት ምግቧን የምታውቀው በጠረኑ ስለሆነ አፍንጫዋ ሲደፈን መብላት ታቆማለች፤ ያቺን የምታህል ትንሽ ሰውነት ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ መቆየት የለባትም። ምግቡን ለብ አድርጎ ማቅረብ ሽታውን ስለሚያጎላ ይረዳል፤ እኔን ረድቶኛል።

ዕድሜያቸው ከዚህም ላነሰ ግልገሎች ጉዳዩ የባሰ አጣዳፊ ነው። የድመት ግልገል ዓይኗን የምትከፍተው በተወለደች ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ገና ባልተከፈተ ቆብ ሥር መግል ሲጠራቀም ቆቡ ያብጣል፤ ይህን መክፈትና ማጠብ የሐኪም እጅ ይፈልጋል። ካርቶኑ ላይ «ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ» ተብሎ መጻፉ በዚህ ምክንያት አሳስቦኛል።

ሐኪሙ ያደረገውን ምርመራ እዚህ የማነሣው ስብስቡ ሊተካው የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ ለማሳየት ነው። ክብደቷንና ሙቀቷን ለካ፣ አፏን ከፍቶ ምላሷን አየ፣ በዓይን የውስጥ ጥግ ያለውን ሦስተኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ባዕድ ነገር አለመኖሩን አረጋገጠ። ከዚያም ፍሎረሲን የተባለ ብርቱካንማ ቀለም ያለባትን ቀጭን ወረቀት አርጥቦ ዓይኗን ነካት፤ በሰማያዊ መብራትም ተመለከተ። ቀለሙ በጤነኛ ኮርኒያ ላይ አይያዝም፤ የተላጠ ቦታ ካለ ግን እዚያው ተጣብቆ አረንጓዴ ያበራል። በሄርፐስ ጊዜ ቁስለቱ አንዳንዴ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ ቅርጽ ይኖረዋል፤ ይህ ቅርጽ ከታየ የበሽታው ማንነት አያጠራጥርም። በእኔዋ ግልገል ዓይን ላይ ቁስለት አልተገኘም። ሐኪሙ በሄርፐስ ላይ ባክቴሪያ ተደርቦበታል ብሎ ገምቶ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በቀን ሦስት ጊዜ አዘዘ። ክላሚዲያ ቢጠረጥር ኖሮ በአፍ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን ለአራት ሳምንት ያህል እንደሚያስፈልግ ነገረኝ፤ ዓይኑ የዳነ ቢመስልም ባክቴሪያው በሌላ የሰውነት ክፍል ስለሚቀር ቅባት ብቻውን አይበቃም። ክኒኑ በጉሮሮ ቧንቧ ተጣብቆ እንዳያቆስል ሁልጊዜ በውኃ ወይም በምግብ መሸኘት እንዳለበትም አስጠነቀቀኝ።

ያ የቀለም ምርመራ ደቂቃ አልፈጀም፤ የቀጣዩን ሕክምና አቅጣጫ ግን የወሰነው እርሱ ነው። ምክንያቱም በብዙ ቤት ውስጥ ከሰው ሕክምና የተረፈ የዓይን ጠብታ አይጠፋም፤ ከእነዚህ ጠብታዎች አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ መቅላቱን ስለሚያጠፋ በመጀመሪያ የተሻላት ያስመስላል፤ ቁስለት ወይም ሄርፐስ ባለበት ዓይን ላይ ግን በሽታውን ያባብሰዋል፣ ኮርኒያንም እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል። መቅላትን ለመቀነስ ለሰው የሚሸጡት የደም ሥር አጥባቢ ጠብታዎች ደግሞ ለድመት መርዝ ናቸው። ለሰው ሄርፐስ የሚታወቀው አሳይክሎቪር በክኒን መልክ ለድመት አደገኛ ነው፤ ለድመት የሚታዘዘው ፋምሳይክሎቪር ነው፤ ይህንንም ሐኪም ይወስነዋል። ለዓይን እንክብካቤ በተዘጋጀ ካርቶን ውስጥ ስለነዚህ አንዲት የማስጠንቀቂያ ዓረፍተ ነገር አለመኖሯን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ቅባቱና ስብስቡ አብረው ሲሠሩ ያየሁት ውጤት ግን ጥሩ ነበር። በመግል ላይ የተቀባ ቅባት ወደ ዓይኑ አይደርስም፤ ከመግሉ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሳላይን ማጽዳት፣ እርጥበቱን በደረቅ ጎዝ ማንሣት፣ ከዚያም የታችኛውን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ስቦ በተፈጠረው ትንሽ ኪስ ውስጥ ሩዝ የምታህል ቅባት ማኖር ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው። የቱቦው አፍ ዓይኑን መንካት የለበትም። ቱቦውን ከፊት ሳይሆን ከኋላ በኩል ከግንባሯ በላይ ማምጣት ግልገሏ እንዳትሸሽ ይረዳል። በሁለተኛው ቀን መግሉ ቀጠነ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ዓይኖቿ ሳይጣበቁ ነቃች፣ ሐኪሙ በወሰነው ቀን ሁሉ ግን መቀባቴን አላቋረጥኩም።

የላይሲን ዱቄቱ በካርቶኑ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈ፣ ለስብስቡም ዋጋ ዋናውን ጭማሪ ያመጣ ነገር ይመስለኛል። ላይሲን የሄርፐስ ቫይረስን መራባት ይገታል የሚለው አሳብ ከቤተ ሙከራ የመጣ ነው፤ በድመቶች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ይህን አልደገፉትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ላይሲን በድመት ላይ የሄርፐስ ኢንፌክሽንን ለመከላከልም ሆነ ለማከም እንደማይረዳ ደምድሞ አጠቃቀሙ እንዲቆም መክሯል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ቀን በምግቧ ላይ ነሰነስኩት፤ ያገኘሁት ውጤት ከወትሮው ያነሰ የበላችበት ሳሕን ነው። አፍንጫዋ ተደፍኖ የምግብ ፍላጎቷ በሳሳበት ሰዓት ጣዕም የሚቀይር ዱቄት መጨመር የሚጎዳ እንጂ የሚጠቅም አይደለም። አቆምኩት፤ በማግሥቱ ሳሕኗን ጨረሰች።

በዱቄቱ ምትክ ሁለት ነገሮች ቢጨመሩ እመርጥ ነበር። አንዱ በአንገት ላይ የሚታሰር ለስላሳ መከለያ ነው፤ ግልገሏ ቅባቱን ለመጥረግ ስትል በጥፍሯ ዓይኗን እንዳትቧጭር ይከላከላል። ሌላው የአንድ ጊዜ ጓንት ነው። ሄርፐሱና ካሊሲው ወደ ሰው ባይተላለፉም የድመት ክላሚዲያ አልፎ አልፎ የሰውን ዓይን ሊይዝ ይችላል፤ በቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለች ደግሞ በእጅና በልብስ ተሸክሞ መውሰድ ቀላል ነው። አዲስ የመጣችን ድመት በተለየ ክፍል፣ በተለየ ሳሕንና በተለየ የአሸዋ ሣጥን ለሁለት ሳምንት ማቆየት ከማንኛውም ካርቶን በላይ ነባሯን ድመት ይጠብቃል። ሄርፐስ ከሰውነት ውጭ ከአንድ ቀን አይዘልቅም፤ ካሊሲ ግን በዕቃ ላይ ለሳምንታት ስለሚቆይ ሳሕኑንና ወለሉን በበረኪና በተበጠበጠ ውኃ ማጽዳትና በሚገባ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

ለስብስቡ ከአምስት ሁለት ተኩል እሰጣለሁ። ለሳላይኑ ብቻ ቢሆን አምስት፣ ለጎዙ አራት እሰጥ ነበር፤ መጥረጊያውና ዱቄቱ ውጤቱን ያወርዱታል፤ ከሁሉ በላይ ያወረደው ግን ያ ወረቀት ነው። አምራቹ ወረቀቱን ቀይሮ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱትን ምልክቶች በጉልህ ቢጽፍ ነጥቡን በደስታ አሻሽላለሁ። ግልገል ለመቀበል ለሚዘጋጅ ሰው የምለው፣ ሙሉውን ካርቶን ከመግዛት ይልቅ የአንድ ጊዜ ሳላይንና ጎዝ ለየብቻ ገዝቶ ግልገሏ ከመምጣቷ በፊት በቤት ማኖር፣ የሚያክማትንም የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ መለየት ይሻላል። ክትባቱም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ ሄርፐስን ፈጽሞ ባያግድም ሕመሙን ያቀልለዋል።

ግልገሏ አሁን አምስት ወር ሞልቷታል። ባለፈው ወር የቤት ዕቃ አዘዋውረን ክፍሎቹ በተቀያየሩ በሰባተኛው ቀን የቀኝ ዓይኗ እንደገና ጥርት ያለ እንባ አወረደ። ለየብቻው ከገዛሁት ሳላይን በተረፉት ብልቃጦች በቀን ሁለት ጊዜ አጸዳሁላት፤ ማረፊያዋን ወደ ቀድሞው ጥግ መለስኩላት፤ ዓይኗን ከፍታ ትጫወትና ትበላ ስለነበር፣ ፈሳሹም ቀለሙን ስላልቀየረ ወደ ሐኪም ስልክ ደውዬ በማማከር ብቻ ተወሰንኩ። በአራተኛው ቀን ደረቀ።